ሲሪን ሳገኛት ለምን ምንም አልተሰማኝም? ታሪክ ያለው ፋንታሲ ጌም ኦፕን ወርልድ ሲሆን

የቬለን መንገደኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዘ ዊቸር 3 የሚባለውን ኦፕን ወርልድ ጌም (ዓለሙን እንደፈለግክ የምትዞርበት ማለት ነው) ያልጨረሰ ሰው ካለ ይህን ባያነብ ይሻላል፤ ታሪኩን እያነሳሁ ነው የምጽፈው።

ነገሩ ከአንድ ማታ ይጀምራል። ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ላፕቶፔ ላይ አቀርቅሬ የጭጋግ ደሴት የሚሉት ቦታ ደረስኩ። የጌሙ ጀግና ጌራልት ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚፈልጋት ልጅ፣ ሲሪ፣ እዚያ ናት። አልወለዳትም፤ ግን አባቷ እሱ ነው። ጎጆዋ ውስጥ ሲገባ በድን ሆና ተጋድማለች። ጠጋ ብሎ ያቅፋታል። ያን ሁሉ ሰዓት ያስጓዙን ለዚህች ደቂቃ ነው።

እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም።

ታናሽ እህቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ የተጠበሰ በቆሎ ትፈለፍላለች። ቀና ብላ አየችና «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለችኝ። «ልጁ ናት፤ ሲፈልጋት የነበረችው» አልኳት። «ሲፈልጋት ነበር እንዴ? እኔ እኮ ሁልጊዜ የማየው በርሜል ሲለቅም ነው።» ልታሾፍብኝ ብላ አይደለም። የምሯን ነው የጠየቀችኝ።

እውነቷን ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ በጀልባ የስኬሊጌን ደሴቶች ስዞር ነበር። ካርታው ላይ ባሕሩ በጥያቄ ምልክት ተሞልቷል። አንዱ ጋ ትደርሳለህ። ኮንትሮባንዲስቶች የጣሉት በርሜል ይንሳፈፋል። ከላይ ሳይረን የሚባሉ ክንፋም ጭራቆች ያንዣብባሉ። በቀስት ታወርዳቸዋለህ፣ ትጠልቃለህ፣ የማትፈልገውን ሰይፍ ይዘህ ትወጣለህ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ማንም አላስገደደኝም። ግን ምልክቱ እያየኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ማታ ስተኛ እንኳ ዓይኔ ላይ የሚመጣው እሱ ነበር።

ልጅቷን ዋይልድ ሀንት የሚባል አስፈሪ የፈረሰኛ ጭፍራ እያሳደዳት ነው። ጌሙ ራሱ ነው «ፍጠን፣ እንዳይቀድሙህ» የሚለኝ። አሳዳጆቿ ግን እኔ በርሜል ለቅሜ እስክጨርስ ቆመው ይጠብቁኛል። ይህን አንዴ ካወቅክ በኋላ ያ ሁሉ ጭንቀት ውሸት ይሆንብሃል። እኔም ሳላውቀው ልጅቷን ከልቤ አውጥቻት ነበር። ባዶነት የተሰማኝ ለዚያ ይመስለኛል።

የሚገርመው ደግሞ አንጀቴን የበላውም ይኸው ጌም መሆኑ ነው። ቬለን በሚባለው የጌሙ አገር ያለውን ባሮን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሰካራም ነው። ሚስቱን ይደበድባል። በዱላው ምክንያት አስወርዷታል። በወጉ ያልተቀበረው ፅንስ ቦችሊንግ የሚባል ጭራቅ ሆኗል። መግደል ይቻላል። ሌላም መንገድ አለ፤ አባትየው ራሱ ታቅፎ ወደ ግቢው ይመልሰዋል፣ ስም ያወጣለታል፣ ከደጃፉ ሥር ይቀብረዋል። እኔ ይህን መረጥኩ። ያ ግዙፍ ሰውዬ ሌሊት ያን የሚያስፈራ ነገር ደረቱ ላይ ይዞ ይራመዳል። በተቁነጠነጠ ቁጥር ጌራልት በእጁ አስማት ያረጋጋዋል። ደጃፉ ጋ ሲደርስ «ዴያ» ብሎ ስም አወጣላት። ለካ ሴት ናት። እዚያች መንገድ ላይ ካርታ የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም። እጄ ኪቦርዱ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

ልብ በሉ፤ ባሮኑ ስለ ሲሪ የሚያውቀውን ሁሉ የሚነግርህ ሚስቱንና ልጁን ከፈለግክለት ብቻ ነው። ስለዚህ የሱን ሚስት ስፈልግ ሲሪን እየፈለግኩ ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው እንጂ አልሳትኩም። በርሜሎቹ ግን ከማንም ጋር አይገናኙም።

ድራጎን ኤጅ፡ ኢንኩዊዚሽን የሚባለው ሌላ ጌም ላይ ይህ ብሶብኝ ነበር። እሱ በ2014 ወጣ፣ ዊቸር በ2015። ሰማይ ተቀዷል። ቀዳዳውን የሚዘጋው ምልክት ያለው እኔ እጅ ላይ ብቻ ነው። እኔ ግን ሂንተርላንድስ የሚባል ሸለቆ ውስጥ ለተፈናቃዮች 10 የበግ ሥጋ እያደንኩ ነኝ። ስደተኛ ማብላቱ ደግ ሥራ ነው፤ አልቃወምም። ግን ቁጥሩ ሲሞላ «አመሰግናለሁ» ተብዬ አለቀ። ማን በላ፣ ማን ዳነ፣ ምንም የለም። ዋናውን ታሪክ ለመክፈት ደግሞ ፓወር የሚሉት ነጥብ ያስፈልጋል፤ ነጥቡ የሚገኘው እንዲህ ካለው ለቀማ ነው። አላስቻለኝም፤ ተውኩት።

እና ጥያቄዬ ይኸው ነው። ታሪኩን አምኖበት የሚሠራ ፋንታሲ ጌም ኦፕን ወርልድ ሲሆን ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? ወይስ የተጫወትኩት እኔ ነኝ ያበላሸሁት? ብቻዬን ሳብሰለስለው ስለከረምኩ የናንተን ልስማ ብዬ ነው።


አሸተን፦

ወንድሜ፣ የተሰማህ ገብቶኛል። ግን ጥፋቱን ሰፊው ዓለም ላይ አትጣለው። ለኔ ሰፊው ዓለም ራሱ ታሪኩ ነው።

እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ነርስ ነኝ፤ የማታ ተረኛ። ጠዋት ስገባ ልጆቼ ትምህርት ቤት ሄደዋል። ቤቱ ጭር ይላል። እንቅልፍ እስኪመጣልኝ ስካይሪም የሚባለውን ጌም እከፍታለሁ። በ2011 ከወጣ ጀምሮ አልተለየሁትም።

አንድ ነገር ላጫውትህ። ጀግናው ወደ ግሬይቢርዶች ገዳም መውጣት አለበት፤ ተራራው ጫፍ ላይ በዝምታ የሚኖሩ ሽማግሌዎች ናቸው። 7,000 ደረጃ ነው ይላሉ። ከተራራው ግርጌ ያለችው መንደር ውስጥ ክሊሜክ የሚባል ሰው አለ። ለሽማግሌዎቹ ስንቅ የሚያደርሰው እሱ ነው። አሁን ግን እግሩ ደክሟል፤ መውጣቱ ከብዶታል። «ካልቸገረሽ ይህን ይዘሽልኝ ውጪ፤ ከገዳሙ ደጅ ያለው ሣጥን ውስጥ ጣይልኝ» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሽልማቱ እዚህ ግባ አይባልም።

እኔ ያደግኩት ላሊበላ ነው። ከከተማው በላይ ተራራው ላይ አሸተን ማርያም አለች። ጎረቤታችን አንዲት እናት ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፤ ጉልበታቸው ከድቷቸው መውጣት ካቆሙ ቆይተዋል። ማርያም በደረሰች ቁጥር ጧፍ በነጠላ ጠቅልለው ይሰጡኛል። «አንቺ ስትደርሺ እኔም ደረስኩ» ይሉኛል። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ወጥቼ ለቄሱ እሰጥና ስመለስ መጀመሪያ እሳቸው ቤት ነው የምገባው። ሰው ነበረ? ነፋሱስ? ቄሱ ምን አሉ? አንድም ሳይቀር ይጠይቁኛል።

ክሊሜክ ያን ስንቅ ሲሰጠኝ ኮንትሮለሩን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ፈረስም ሳልጠቀም በእግሬ ወጣሁት። በየመንገዱ የተተከለውን የድንጋይ ጽላት እያነበብኩ፣ በረዶው ዓይኔን እየጋረደኝ። ዓለምን ሊበላ ስለመጣው ዘንዶ አንዴም አላሰብኩም። ዋናው ታሪክ ደካማ ነው ብትለኝ አልሟገትህም። ግን ያን ሰውዬና ያን ደረጃ በአንድ ቀጭን መንገድ ብቻ የሚያስኬድ ጌም አይሰጠኝም ነበር። «ወደ ግራ ብትሄጂ አይከፈትም» የሚል ዓለም ውስጥ የኔ መውጣት የኔ አይሆንም።

ላንተ የምለው፣ በርሜሉን የለቀምከው ምልክቱ ስለጠራህ እንጂ ባሕሩ ስለጠራህ አይደለም። ዊቸር ላይ የጥያቄ ምልክቶቹን ከሴቲንግ ማጥፋት ይቻላል። አጥፋቸውና ደግመህ ሞክረው እስቲ።


የሳሪሱ ጌም ቤት፦

ልጄ፣ እኔ ሳሪስ ፕሌይስቴሽን ቤት ከፍቼ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በሰዓት ነው የማከራየው። ሁለት ጎረምሳ ኳስ ከያዘ ቤቱ ይሞቃል፤ ታሪክ ያለው ጌም የሚይዝ ግን ከስንት አንድ ነው። ከነዚያ አንዱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የአንድ ሰዓት ሂሳብ ይዞ ይመጣል። አንተ ያልከውን ዊቸርን ነው የሚጫወተው።

ሰዓቱ እንዲህ ነበር የሚያልቀው። መጀመሪያ የት እንደደረሰ ለማስታወስ ይፈልጋል። ከዚያ ፈረስ ላይ ይወጣል። ይጋልባል፣ ይጋልባል። መንገድ ላይ ሽፍታ ይገጥመዋል። ሰይፉ ይዶለዱማል፤ አንጥረኛ ይፈልጋል። ሊያነጋግረው ከሄደው ሰው ፊት ሲደርስ እኔ «አለቀ» እላለሁ። ፊቱን ሳየው እያዘንኩ ብዙ ቀን አሥር አሥር ደቂቃ ጨምሬለታለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ሌላ ልጅ ሳያውቅ ሴቩ ላይ ሴቭ አደረገበት። ከዚያ ወዲያ ዊቸርን አልነካም።

የ2018ቱን ጎድ ኦፍ ዋር አስጀመርኩት። አርፒጂ (ገጸ ባሕርይህን እያሳደግክ የምትጫወተው ዓይነት) ነው አይደለም የሚለውን ለናንተ እተወዋለሁ፤ መሣሪያ ማሳደጉም ሌቭሉም አለው። አባትና ልጅ የእናቲቱን አመድ ይዘው ዓለም ላይ ወዳለው ከፍተኛ ጫፍ ይጓዛሉ። መሐል ላይ ትልቅ ሐይቅ አለ፤ እንደፈለግክ ትቀዝፋለህ። ጀልባው ላይ ሚሚር የሚባል፣ ራሱ ብቻ የቀረ ሰውዬ ተረት ያወራላቸዋል። ዳር ከደረስክ ይቆማል፤ በኋላ እቀጥላለሁ ይላል። ጀልባው ላይ ስትመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ተማሪው ተረቱን ለመስማት ብሎ ዳር ሳይወርድ ሐይቁን ሲዞር አይቼዋለሁ። እኔም ባንኮኒዬን ትቼ ከኋላው ቆሜ እሰማ ነበር።

ታዲያ መሞት ያለባት እናት ሞታለች። አመድ አይቸኩልም። ስለዚህ አባትየው «እሺ፣ ዞር ዞር እንበል» ሲል ያምርበታል። ያንተ ጌራልት ግን ልጁ እየተሳደደች ነው። እዚያ ላይ ነው ያልተስማማው። በአራት ወር ውስጥ፣ በቅዳሜ አንድ አንድ ሰዓት፣ ተማሪው ጨረሰው። ተራራው ጫፍ ላይ አመዱን ሲበትኑት ያን ቀን ሰዓት አልያዝኩበትም።


ሦስተኛው ሙከራ፦

አጭር ነገር ልጨምር። ባልዱርስ ጌት 3 (2023) ኦፕን ወርልድ አይደለም፤ በሦስት ምዕራፍ የተከፈለ ነው፣ እያንዳንዱ ግን ሰፊ ነው። እዚያ አንድ የእንግዳ ማረፊያ እየተቃጠለ ትደርሳለህ። ውስጥ ሰው ይጮኻል። የኔ ጓዶች ቆስለው ነበር። ከሌሎች ጌሞች ልማድ «ይጠብቁኛል» ብዬ ካምፕ ሄጄ አደርኩ። ስመለስ ጩኸት የለም። ማንንም አላወጣሁም።

በቃ ወደ ድሮው ሴቭ ተመልሼ ሎድ አላደረግኩም። ተሸክሜው ጨረስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፍጠን» ሲሉኝ እፈጥናለሁ። የቦታው ስፋት ችግር አልነበረም ለማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይጠብቁኝ ስለቀሩ ሌላውን ሁሉ አመንኳቸው።


የቬለን መንገደኛ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት የጠፋሁት እየሞከርኩት ስለነበር ነው።

እህት አሸተን፣ የጻፍሽውን ለእናቴ አነበብኩላት። «አንቺ ስትደርሺ እኔም ደረስኩ» የሚለው ጋ ስደርስ ዝም አለች፤ ከዚያ «ድገመው» አለችኝ። ነገር ግን አንድ ነጥብ ላይ አሁንም አልስማማም። ክሊሜክን የወደድሽው አሸተንን ወጥተሽ ስለምታውቂ ነው። የጌሙን ጎደሎ የሞላሽው ከራስሽ ሕይወት አምጥተሽ ነው። እንዲህ ያለ ጌም እንዳንቺ የሚያመጣው ላለው ሰው ይሰጣል። እኔ ደግሞ ባዶ እጄን ስሄድ የሚይዘኝ ታሪክ ነው የምፈልገው። ሁለቱም ልክ ይሁን፤ ግን የተለያየ ነገር ነው።

ጋሼ፣ እርስዎ «አመድ አይቸኩልም» ያሉትን ሳነብ ብድግ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ስዊች የሚባለውን መጫወቻ ይዞ ነበርና ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድን ተጫውቼ ነበር፤ የ2017ቱን ዜልዳ። እዚያ ጥፋቱ ከደረሰ 100 ዓመት አልፏል። ጀግናው ሊንክ ከእንቅልፉ ሲነቃ ጓደኞቹ ሞተዋል፣ ከተማው ሣር በቅሎበታል። ልዕልቷ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ጠላትን 100 ዓመት ይዛው ቆይታለች። እኔ ሦስት ቀን እንጉዳይ ብለቅም የማፍርበት ነገር አልነበረም። 100 ዓመት የቻለች ሦስት ቀን ትችላለች።

ታሪኩ ደግሞ የተቀመጠው ቦታው ላይ ነው። ሊንክ ሁሉን ረስቷል። የድሮ ፎቶዎች አሉት፤ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ፈልጎ ሲቆም ያ ቀን ይታወሰዋል። እህቴ ፎቶዎቹን ስልኳ ላይ አንስታ ይዛ «ይሄ ተራራ ከግራ ነው፣ ያቺ ዛፍ ከኋላ» እያለች ትመራኝ ነበር። አንዷን አራት ቀን ፈለግናት። ስናገኛት እሷ እኔን ቀድማ ጮኸች። እዚያ ዞር ዞር ማለት ከታሪኩ መውጣት አልነበረም፤ ማስታወስ ማለት መዞር ነው። ኤልደን ሪንግ የሚባለው ጌምም ላይ እንደዚያው ነው፤ የሚሰበረው ተሰብሯል፣ አንተ የምትዞረው ፍርስራሹን ነው። እነዚህን ጌሞች ለምን እንደወደድኩ እስከዛሬ በቃላት አልያዝኩትም ነበር።

ስለዚህ አሁን የማስበው እንዲህ ነው። ነገሩ ካለፈ፣ ዓለሙ የፈለገውን ያህል ይስፋ። ነገሩ አሁን እየሆነ ከሆነ ግን፣ ልጅ እየተሳደደች፣ ሰማይ ተቀዶ፣ ቤት እየነደደ ከሆነ፣ ወይ ሦስተኛው ሙከራ እንዳለው አንድ ጊዜ እንኳ አይጠብቁኝ፣ ወይ መዞሪያው ሁሉ እንደ ባሮኑ ወደዚያችው ልጅ ይመልሰኝ። ድራጎን ኤጅ ራሱ በ2024 ሲመለስ ያን ሰፊ ሸለቆ ትቶ በሚሽን የተከፋፈለ ሆኖ ነው የመጣው። እኔ ግን ሰፊው ይቅር አልልም። ባሮኑን ያገኘሁት እዚያው ሰፊው ውስጥ ነው።

የጥያቄ ምልክቶቹን አጥፍቼ ዊቸርን ከሀ ጀመርኩት። እህቴ ሙሉውን አብራኝ ልታይ ቃል ገባች፤ ማስታወሻ ደብተር ይዛ ስም ትጽፋለች። የሲሪን ስም ከላይ በትልቁ ጽፋዋለች። ገና ጌሙ የሚጀምርበት ኋይት ኦርቻርድ ነን። ትናንት አንዲት አሮጊት በር ላይ ቆመው መጥበሻዬን አምጡልኝ እያሉ ሲጮኹ አገኘናቸው። እንግዳ ሰው ተውሷቸው በሩን ዘግቶ ጠፍቷል። ድሮ በሁለት ደቂቃ አምጥቼ ሰጥቼ ያለፍኩት ነው። አሁን ገብተን ስናይ ውስጥ ሬሳ አለ። መጥበሻው ደግሞ ጥላሸቱ ሙልጭ ብሎ ተፍቋል።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች እህቴ። «ሰው በተገደለበት ቤት ውስጥ መጥበሻ የሚፍቅ ማነው? ጥላሸቱን ለምን ፈለገው?» ድሮ እንኳን ልመልስ፣ መፋቁንም ልብ አላልኩትም። መብራት ሄደብን እንጂ ሌሊቱን እዚያው ነበርን። ነገ ማታ እንቀጥላለን። የምታውቁት እንዳትነግሩን፤ ቀለም ለመሥራት ይሆናል ብላ ደብተሯ ላይ ጽፋለች።